ጠመንጃው ምን ይጎርሳል?

በዚያ እሑድ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ሰፈር፣ ጋሽ መንገሻ ቤት፣ ምሳ ላይ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ፤ በኋላ «እኔ እዚያ አልነበርኩም» የሚል እንዳይመጣ። የቤቱ ባለቤት ጋሽ መንገሻ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውሮፕላን ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው ጡረታ የወጡ። ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ነበሩ። ልጃቸው ናርዶስ ነበረች፤ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቋንቋ የምታዳርስ። የእትዬ ዘነበች ታናሽ ወንድም አቶ ይልማ ነበሩ፤ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሚሠሩ፣ ሩንዳ በሚባለው የናይሮቢ ሀብታሞች ሰፈር የሚኖሩ፣ «አላውቅም» የሚለውን ቃል እዚያው ሩንዳ ትተውት የሚመጡ። ሐጂ ኑሩ ነበሩ፤ የሞያሌ ሰው፣ ኢስሊ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ፣ የጋሽ መንገሻ የልጅነት ጓደኛ። ጎረቤታችን አፋንዴ ኦቲኤኖ ነበር። አፋንዴ እዚህ አገር ፖሊስ የሚጠራበት የአክብሮት ስም ነው። አማርኛ አይችልም፤ የእትዬ ዘነበች ወጥ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። በመጨረሻ እኔ ነበርኩ፤ ከግቢው ጀርባ ያለችውን አንድ ክፍል ተከራይቼ የምኖር።

ጠመንጃውም ነበር። እሱ በሩ ጀርባ፣ ከመጥረጊያውና ከጃንጥላው ጋር ቆሞ ነበር።

ስለ ራሴ ማውራት አልወድም፤ ግን ነገሩ ያለ እኔ አይቆምም። ኤርፖርቱ አጠገብ ባለ የዕቃ መጋዘን እሠራለሁ። ሥራዬ ካርቶን ላይ የተጻፈውና ካርቶን ውስጥ ያለው አንድ መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ላዩ ላይ «አበባ» ካለ ውስጡ አበባ መሆን አለበት። ትምህርቴን ሳልጨርስ አቋርጬ የቀረውን ከስልኬ ተምሬያለሁ። ምን ተማርክ ብትሉኝ፣ ማንም የማይጠይቀኝን ሁሉ፤ የድልድይ ብሎን፣ የመርከበኛ ገመድ አስተሳሰር፣ የአሮጌ ጠመንጃ ዓይነት። ጠመንጃ ግን በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ወንዝ ሳይገባ ስለ ዋና የሚያነብ ሰው አለ፤ እኔ ከእነዚያ ወገን ነኝ።

ታዲያ «መሣሪያ ዐዋቂ» እንዴት ተባልኩ? በአንድ የልደት ግብዣ ላይ ነው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለ አሮጌ ፎቶ ውስጥ አንድ አርበኛ ቆሟል። ሰዉ ሁሉ «ከነምንሽሩ» እያለ ሲያደንቅ፣ ከገባሁ ጀምሮ አፌን ያልከፈትኩት እኔ «ምንሽር አይደለም» አልኩ። ይኸው ነው። ዝምተኛ ሰው አንዴ ከተናገረ ዐዋቂ ይባላል። የሚያወራ ሰው በተናገረው ይመዘናል፤ ዝም የሚል ሰው ባልተናገረው ይከበራል። እኔም በዚያ ባልተናገርኩት ዕውቀት ምክንያት ነው ለዚያ ምሳ የተጠራሁት።

ጉዳዩ ይህ ነው። የጋሽ መንገሻ አባት፣ አባባ ወልደየስ፣ በጣሊያን ጊዜ ሞያሌን ተሻግረው ወደዚህ አገር ሲገቡ ያንን ጠመንጃ በትከሻቸው፣ አንድ ዝናር ጥይት በወገባቸው ይዘው ነበር። አልተመለሱም። እዚሁ አግብተው፣ ወልደው፣ አርጅተው ሞቱ። ሲሞቱ ለልጃቸው «መሣሪያዬ አገሬ ይግባ፤ ክርስትና በተነሳሁበት ደብር አስቀምጥልኝ» አሉ። ጋሽ መንገሻም «እሺ አባቴ» አሉ። ከዚያ ሥራ መጣ፣ ልጅ መጣ፣ የመንግሥት መለዋወጥ መጣ፤ «እሺ» የምትለው ቃል በር ጀርባ ቆማ ቀረች። ዘንድሮ ሐኪማቸው ልባቸውን አዳምጦ «ሩቅ መንገድ የሚያስቡ ከሆነ ዘንድሮ ይሂዱ» አላቸው። ሐኪም «ዘንድሮ» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ማንም አልደገመውም።

ጠመንጃ ደግሞ እንደ ቡና በሻንጣ አይገባም። የመሣሪያ ጉዳይ የሚመለከተው ቢሮ ጋሽ መንገሻን ጠርቶ አንድ ነገር ጠየቃቸው። ይህ ጠመንጃ የሚጎርሰው ጥይት የትኛው ነው? ጥይቱ ዛሬም የሚመረት ከሆነ ጠመንጃው ጠመንጃ ነው፤ ከተሰበሰቡት መሣሪያዎች ጋር ክምር ላይ ወጥቶ ይቃጠላል። ጥይቱ መመረቱ ከቀረ ግን ጠመንጃው ቅርስ ነው፤ አገሩ ይገባል። አፋንዴ ኦቲኤኖ ይህን ያስረዳን አጥንት እየጋጠ ነበር፤ ሲጨርስ አጥንቱን በቀስታ ሳህኑ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ማንም ሥጋ አላነሳም።

«ምንሽር ነው» አሉ አቶ ይልማ ወደ በሩ ሳይዞሩ።

«አይተኸዋል?» አሉ ሐጂ ኑሩ።

«ምንሽር ለማወቅ ማየት አያስፈልግም፣ ሐጂ።»

«ወላሂ፣ ይህ ሰው ሚስትም ያገባው እንዲሁ ነው።»

«አባቴ ሲፎክር ‹ውጅግራዬ› ነበር የሚለው» አሉ ጋሽ መንገሻ። «ሰው በፉከራ ውስጥ ስለ ጠላቱ ብዛት ይዋሻል። ስለ ጠመንጃው ስም አይዋሽም።»

«ዳዲ፣ ባት ያ ጠመንጃ ተሰብሯል እኮ» አለች ናርዶስ። «ከሥሩ ቀዳዳ አለው። ልጅ ሆኜ እርሳሶቼን የምከትበት፣ ሪመምበር? ከላይ ስከት በታች ይወድቃል።»

«ስሙን ተዉትና ብሉ» አሉ እትዬ ዘነበች። «ጠመንጃ ነው። የመጥረጊያዬን ቦታ ከማጣበብ በቀር ሲሠራ ያየሁት ነገር የለም።»

ከዚያ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ያነበብኩት ሁሉ በአንድ ጊዜ መጥቶ ጉሮሮዬ ላይ ተጨናነቀ፤ የወጣው ግን «ልለካው» የሚል ብቻ ነው።

ጋሽ መንገሻ የሞተር ክፍል ይለኩበት የነበረውን ካሊፐር ሰጡኝ። ቀጥለው መኝታ ቤት ገብተው ዝናሩን አመጡ። በነጭ ነጠላ ተጠቅልሏል። ሲፈቱት ቆዳው ከጫማዬ ይልቅ ያብረቀርቃል፤ ጥይቶቹም በየማቀፊያቸው ተደርድረው ተቀምጠዋል።

«አባቴ በየበዓሉ ቅቤ ይቀባው ነበር» አሉ። «እኔም እቀባዋለሁ።»

«ጠመንጃውንስ?» አልኩ።

«እሱንማ ማንም ቀብቶት አያውቅም።»

ይህን ሰማሁ። በሚሊ ሜትር የሚለካ ነገር ስላልነበረ ግን አለፍኩት።

ከዝናሩ አንዷን ጥይት አወጣሁ። ወፍራም ናት፤ እንደ አውራ ጣት። ቀለሁ ናስ ነው፣ ከታች ባለ ከንፈር፣ ጫፏ እርሳስ። ለካኋት፣ ደግሜ ለካኋት፣ አንዴ ደግሞ አቶ ይልማ «እስኪ እንደገና» ስላሉ ለካኋት። ዐሥራ አንድ ሚሊ ሜትር። ስልኬን አየሁ፣ ጥይቷን አየሁ። ትክክለኛዋ የውጅግራ ጥይት ናት፤ መመረቷም የቀረው የእኛ አያቶች ሳያረጁ ነው።

«ውጅግራ ነው» አልኩ። «ጥይቱ የለም። ጠፍቷል።»

እትዬ ዘነበች እልል አሉ። ሐጂ ኑሩ ጋሽ መንገሻን አቅፈው ጀርባቸውን ደበደቡ። አፋንዴ ምን እንደተባለ ሳይነገረው አጨበጨበ። አቶ ይልማ «ነገርኳችሁ እኮ» አሉ። ጋሽ መንገሻ ግን ዝናሩን በነጠላው መልሰው ጠቀለሉ።

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይህ ወግ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ግን እኔ አንድን ነገር ካረጋገጥኩ በኋላ እንደገና ካላረጋገጥኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። መጋዘን ውስጥ ይህ ጠባይ ያስመሰግናል። ከመጋዘን ውጭ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ።

መሃል ከተማ አንድ ፈቃድ ያለው የአደን መሣሪያ ሱቅ አለ። ባለሱቁ ዕድሜው የገፋ ሰው ነው፤ እሱ «አዎን፣ ይህ ጥይት አይሠራም» ቢለኝ ነገሩ ተዘጋ አልኩ። ግን ጥይት ይዞ ማታቱ፣ የከተማውን ሚኒባስ፣ መሳፈር በዚህ ከተማ የሚመከር አይደለም። ስለዚህ አምሳያ ያስፈልገኛል። እንጨት ፈለግሁ፣ አጣሁ። እትዬ ዘነበች ማድ ቤት ካሮት ነበር።

ካሮቱን በቢላዋና በካሊፐር ቀረጽኩት። ስለ ሥራዬ ጥራት መናገር ነውር ነው እንጂ፣ ከንፈሩ፣ ትከሻው፣ ጫፉ፣ ሁሉም ልክ ነበር። ቀለሁ ናስ መሆኑ እንዲታወቅ ታችኛውን ክፍል በወርቃማ የቸኮሌት ወረቀት ጠቀለልኩት። ይህን ያደረግሁት ለትክክለኛነት ስል ነው። ዛሬ ሳስበው ከነገሩ ሁሉ የከፋው ያ ወረቀት ነበር።

የሱቁ ሕንፃ በር ላይ የቆመው ጥበቃ፣ አስካሪው፣ ኪሴን ዳሰሰና እጁ ቆመ። ቀስ ብሎ አወጣው። በሁለት ጣቱ ወደ ብርሃን አነሳው። ከዚያ ጮኸ። ከኋላዬ ተሰልፈው የነበሩ ሰዎች መሬት ላይ ተኙ። አንዲት ሴትዮ ቦርሳዋን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች።

«ይህ ምንድን ነው?» አለኝ አስካሪው በስዋሂሊ።

«ካሮት ነው» ማለት ነበረብኝ። አንድ ቃል ናት። ስዋሂሊኛዋንም አውቃታለሁ። እኔ ግን የተጠየቅሁትን በሙሉ የመመለስ ልማድ አለብኝና «ዐሥራ አንድ ሚሊ ሜትር፣ ባለ ከንፈር፣ የፈረንሳይ ሥሪት…» ብዬ ጀመርኩ።

ሌሎች ሦስት ጥበቃዎች መጡ። ግድግዳ አስደግፈው ያዙኝ። አለቃቸው ደረሰና አምሳያውን ተቀብሎ አገላበጠው፣ አሸተተው፣ ፊቱ ተለወጠ።

«ካሮት ነው» አለ።

«አዎን» አልኩ።

«ካሮት ከሆነ ብላው።»

በላሁት። ግማሹን። ሰው ሁሉ ከመሬት እየተነሣ አቧራውን እያራገፈ ያየኛል። ሕንፃው ውስጥ ከካሮት መሰበር በቀር ድምፅ አልነበረም። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀስ ብዬ ያኘክሁት ነገር የለም።

ጩኸቱን ሰምቶ የወጣው ባለሱቁ የቀረውን ግማሽ ከእጄ ወስዶ መነጽሩን አደረገ። እኔም በትህትና፣ ጥይቱ መሠራቱ እንደቀረ፣ ጠመንጃውም እንግዲህ ቅርስ እንደሆነ አስረዳሁት።

«ጥይቱ አይሠራም፤ እውነት ነው» አለ። «የጠመንጃውን አፈሙዝስ ለክተሃል?»

«አይ። ጥይቱን ነው የለካሁት። ዝናሩ ውስጥ የነበረውን።»

ሰውዬው ካሮቱን መለሰልኝ። «እንግዲያው የቀረውንም ብላው» አለኝ።

ማታቱ ውስጥ ተቀምጬ ስመለስ ከሃፍረቱ ይልቅ ያመመኝ ሌላ ነበር። ሥራዬ ካርቶን ላይ የተጻፈውንና ውስጡ ያለውን ማመሳከር ነው ብዬአችኋለሁ። እኔ ግን ጽሑፉን አንብቤ ካርቶኑን ሳልከፍት ነበር እልል ያስባልኩት። ደግሞ የሌላ አገር ሰው አይደለሁም፤ ዝናር በአገራችን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ዝናር ጌጥ ነው፣ ማዕረግ ነው። ጠመንጃው ተሸጦ፣ ተሰብሮ፣ ተነጥቆ እንኳን ሰው ዝናሩን ከነጥይቱ ይታጠቃል። ዝናርን አይቶ ጠመንጃን መናገር ቀለበት አይቶ ሚስቲቱ እቤት አለች እንደማለት ነው።

ቤት ስደርስ ጋሽ መንገሻን አስፈቅጄ ጠመንጃውን ከመጥረጊያው አጠገብ አነሳሁት። የውጅግራዋን ጥይት ጫፍ አፈሙዙ ላይ አስጠጋኋት። አልገባችም። ጠባብ ጠርሙስ ላይ እንደተቀመጠ ትልቅ ቡሽ ቁጭ አለች። የትንሿ ጣቴ ጫፍ እንኳን አይገባበትም። ስድስት ነጥብ አምስት ሚሊ ሜትር።

ጋሽ መንገሻ አጠገቤ ቆመው እያዩ ነበር። መካኒክ ናቸው፤ መግለጫ አላስፈለጋቸውም። «አልገጠመም» አሉ ብቻ፣ እና ሄደው ተቀመጡ።

በሚቀጥለው እሑድ ያው ሰዎች በዚያው ጠረጴዛ ተሰበሰብን። እትዬ ዘነበች ምግቡን ቢያቀርቡም የበላ የለም። አቶ ይልማ ግን በደስታ መጡ። ስልካቸውን ወደ ላይ አንሥተው «ቀዳዳው!» አሉ። «ከሥሩ ያለው ቀዳዳ! ናርዶስ እርሳስ የምትከትበት! ስብራት አይደለም፤ ሲሠራ ጀምሮ ነው። የምንሽር ጥይት በብረት መያዣ ተደርድሮ ነው የሚገባው፤ ጥይቱ ሲያልቅ ባዶው መያዣ በዚያ ቀዳዳ ይወድቃል። አነበብኩት! የምንሽር ጥይትም ዛሬ አይመረትም። እኔ ከመጀመሪያው ምን አልኩ?»

«ሳታየው ምንሽር አልክ» አሉ ሐጂ።

«ታዲያስ!»

ቤቱ ነፍስ ዘራ። ናርዶስ አጎቷን ሳመቻቸው። ጋሽ መንገሻ ቀና አሉ። «ምንሽርም ይሁን» አሉ። «ብቻ አገሩ ይግባ።» አፋንዴም በእንግሊዝኛ ከተነገረው በኋላ ለቢሮው የሚነግረው ይህንኑ እንደሆነ ጠየቀ።

ሁሉም ጠመንጃውን ረስተው እርስ በርስ ሲያወሩ እኔ እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጬ ነበር። ምክንያቱም ቀዳዳው እውነት ነው። ግን ምንሽር ማቀባበያው ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል። የዚህኛው ግን መጀመሪያ ወደ ላይ መነሣት አለበት፣ ከዚያ ነው የሚሳበው። ይህን በእጄ ሞክሬዋለሁ። እንዲህ የሚከፈት፣ እንዲህ ከሥሩ ክፍት የሆነ፣ አፈሙዙ እንዲህ የጠበበ ጠመንጃ አንድ ነው። ጥይቱም እስከዛሬ ይመረታል።

ዝም ማለት እችላለሁ። በሕይወቴ ሙሉ የተለማመድኩት ሙያ ነው። ደግሞም በእኛ አፍ ምንሽር ማለት አሮጌ ጠመንጃ ማለት አይደለም እንዴ? ፎቶ ላይ ያለው ሁሉ ምንሽር ነው፣ በለቅሶ የሚተኮሰው ሁሉ ምንሽር ነው። ውሸት እንኳን አይባልም ነበር።

«በል እንጂ ዐዋቂው» አሉ አቶ ይልማ ትከሻዬን መታ አድርገው። «ምንሽር ነው በልና እንብላ።»

«ይልማ፣ ተወው» አሉ ጋሽ መንገሻ። አይተውኛል። «ና እስኪ ልጄ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሞተር ገጥሜያለሁ። ‹ይሆናል› ብዬ የዘጋሁት ክዳን የለም፤ ሰው ይሳፈርበታል። ገጥሟል ወይስ አልገጠመም?»

«አልገጠመም፣ ጋሽ መንገሻ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የጣሊያን ነው» አልኩ። «የጣሊያን ወታደር ጠመንጃ ነው። ጥይቱ አሁንም ይሠራል።»

ጠመንጃው መቃጠሉን በዚያች ቅጽበት ያሰበ ሰው የለም። ለኬንያዊ ብትነግሩት አይገባውም፤ አፋንዴም «ምን ሆኑ?» እያለ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ያይ ነበር። በዚያ ዘመን የጣሊያን ጠመንጃ ሁለት ዓይነት ሰው ይይዘው ነበር። አንዱ ከጠላት የማረከ ነው። ሁለተኛው ከጠላት የተሰጠው ነው። ለሁለተኛው ያለንን ስም በዚያ ጠረጴዛ ላይ ማንም አላነሳውም። አቶ ይልማ እንኳን።

ጋሽ መንገሻ ሳህናቸውን ገፋ አደረጉ። «አባቴን» አሉ፣ «ማን ሰጠው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። ካሊፐሩ ኪሴ ውስጥ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። ለምን ለካሁ? ሰው የማያገባውን አፈሙዝ ለምን ይለካል?

«ምን ትላለህ አንተ ሰውዬ?» አሉ እትዬ ዘነበች፤ ከማድ ቤት በር ላይ ቆመው ነበር። «ማን ሰጠው? ሰጡትም ይባላል?»

«ዘነቡ፣ አንቺ ይህ ነገር…»

«ዝም በል፣ እኔ ልናገር። ሙሽራ ሆኜ እዚህ ቤት ስገባ አባባ በሕይወት ነበሩ። ያ ጠመንጃ እዚያው በር ጀርባ ነበር። እንግዳ እግሩን ይመታበታል፣ መጥረጊያ ባነሳሁ ቁጥር ይወድቅብኛል። አንድ ቀን ‹አባባ፣ ይህን አንሥቼ አልጋዎ ራስጌ ልስቀለው?› አልኳቸው። ምን አሉኝ መሰለህ? ‹ምርኮኛ ራስጌ አይተኛም። ይቁም።› እኔ የሽማግሌ ጨዋታ መስሎኝ ስቄ ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ይኸው መጥረጊያዬን ከምርኮኛ ጋር አቆማለሁ።»



«ዝናሩን ግን» አሉ ሐጂ ኑሩ ቀስ ብለው፣ «ነጠላ አልብሶ ቅቤ ያጠጣው ነበር።»

«ዝናሩ የውጅግራው ነው» አሉ ጋሽ መንገሻ። ለእኛ አልነበረም የሚናገሩት። «ውጅግራው ተሰበረ ወይ ጠፋ፤ እኔ እንጃ። ያንን የበር ጀርባውን ከጠላት ቀማ። የተቀማውም ጠመንጃ ጥይቱ አለቀ። እና የማይተኩሰውን ጠመንጃ ተሸክሞ፣ የማይገጥመውን ጥይት ታጥቆ…» አልጨረሱትም። እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። ትከሻቸው ሲነቃነቅ መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ቀና ሲሉ ሁለቱንም እያደረጉ ነበር። «‹መሣሪያዬ› ያለው ዝናሩን ኖሯል፤ እኔ ምርኮኛውን ነው ቤተ ክርስቲያን ላስገባለት የነበረው! አባቴ ከመቃብሩ ተነሥቶ በበትር ይለኝ ነበር!»

ከዚያ ወዲያ የሆነው ፈጣን ነው። ጋሽ መንገሻ በራሳቸው እጅ ጠመንጃውን ከበሩ ጀርባ አንሥተው ለአፋንዴ አስረከቡ። ከመስጠታቸው በፊት ጎንበስ ብለው አፈሙዙ ላይ አፋቸውን አስጠግተው የሆነ ነገር ተናገሩ። ጥይቶቹንም ጨመሩ፤ አሮጌ ቢሆኑም ጥይት ጥይት ነው፤ አውሮፕላን አይሳፈርም። የቀረው ባዶው ዝናር ነው። ባዶውን ዝናር ግን ጠረጴዛው ላይ ሲያደርጉት ማቀፊያዎቹ መላላት፣ መውደቅ ጀመሩ፤ እንደ አሮጌ ሰው ጉንጭ። ሁላችንም ዓይናችንን ሰበርን።

«ባዶውን ልስጣቸው?» አሉ ጋሽ መንገሻ። «ለደብሩ?»

ሐጂ ኑሩ ተነሥተው ወጡ። ሲመለሱ ከኢስሊ የጧፍ እሽግ ይዘው ነበር።

«አንተ እስላሙ ጧፍ ገዛህ?» አሉ ጋሽ መንገሻ።

«ሱቁ ጎረቤቴ ነው። ‹ሐጂ፣ መንገድ ቀየሩ እንዴ?› ብሎኛል። ወላሂ፣ ከእንግዲህ ኢስሊ ውስጥ ቀና ብዬ አልሄድም። በል ልጁ፣ ለካ።»

ካሊፐሩን አወጣሁ። አንድ ጧፍ ቀጠነ። ሁለት አንድ ላይ ሲጠመዘዝ ላላ። ሦስቱ ሲጠመዘዙ ገጠመ። ገባ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ፣ አልወደቀም። ናርዶስ ትቆርጣለች፣ እትዬ ዘነበች ይጠመዝዛሉ፣ እኔ እለካለሁ፣ አቶ ይልማ ያዝዛሉ። አፋንዴ ሳይጠየቅ ይሰካ ነበር።

ኤርፖርት ላይ ግን፣ ለካ ሦስት ሆኖ የተጠመዘዘ ጧፍ በፍተሻ መሣሪያ መስኮት ሲታይ ልክ ጥይት ነው። ከመስታወቱ ውጭ ቆመን የሻንጣው ማለፊያ ሲቆም፣ ፈታሾቹ ሲሰበሰቡ፣ ጋሽ መንገሻ በእጃቸው እኔን ሲያሳዩ አየን። አንዱ ፈታሽ ወጥቶ «ይህን የሠራኸው አንተ ነህ? ምንድን ነው?» አለኝ።

ውፍረቱን አውቀዋለሁ። የማቀፊያውን ስፋት፣ የቆዳውን ዓይነት፣ የጥይቱን ታሪክ አውቀዋለሁ። ሁሉም ጉሮሮዬ ላይ መጣ።

«ሻማ ነው» አልኩ።

አሳለፏቸው።

ከደብሩ ሲደውሉ ናርዶስ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ለሁላችንም ከፈተችው። ጋሽ መንገሻ እንዳሉት ካህኑ ዝናሩን ተቀብለው ጧፎቹን አንድ በአንድ እያወጡ ለተሰበሰበው ሰው አደሉት። ሰዉም አብርቶ ይዞት ቆመ፣ እስኪያልቅ። «አባቴ ሳይተኩሰው የቀረውን» አሉ፣ «ዛሬ ጨረስንለት።» ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ፤ ወይም እሳቸው ዘጉት።

እኔ ይህን የጻፍኩት የለካሁትንና ያየሁትን ብቻ ነው። አብረን የነበርን፣ የጎደለውን ሙሉበት። አቶ ይልማ እስከዛሬ ምንሽር ነው የሚሉበትን ማስረጃ ያምጡ፤ እቀበላለሁ። ሐጂ ጧፍ የሸጠላቸውን ባለሱቅ መልሰው ምን እንዳሉት ይንገሩን። ናርዶስ፣ ዝናሩ ጧፍ ሞልቶ ሳለ ያነሣሽው ፎቶ አንቺ ጋ ነው። አፋንዴም ጠመንጃው ክምሩ ላይ ሲወጣ ቆሞ አይቷልና ይናገር፤ እንተረጉምለታለን።

እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምጠይቀው እትዬ ዘነበችን ነው። ጋሽ መንገሻ ጠመንጃውን ሊያስረክቡ ጎንበስ ብለው አፈሙዙ ላይ ሲናገሩ እርስዎ አጠገባቸው ነበሩ፤ መጥረጊያዎን ይዘው። ከዚያ ወዲህ ያንን የበር ጀርባ በጠረጉ ቁጥር ጥቂት ቆም ሲሉ አያለሁ።

ምርኮኛውን ምን ብለው አሰናበቱት?